ባለቤት የሌለው ውኃ

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ሐይቅ የምለው ከደሴ ወዲያ ያለውን ነው፣ ወሎዬ ሁሉ የሚያውቀውን። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ወገቤ ላይ ገመድ አስሮ ከታንኳው ጎን ይለቀኝ ነበር፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ እናቴ ከዳር ሆና እሱን ትሳደባለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዋና ተማርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ላስታ ላይ "ምን አውቀሽ ነው?" ያሉኝ ሰዎች ዛሬም ድረስ ስለሚያናድዱኝ ነው።

ላስታ የወሰደኝ ባሌ ነው። መምህር ነበር። ደሴ ላይ ተገናኝተን ተጋባን፤ ከዚያ በደርግ ጊዜ ወደ ትውልድ አገሩ ተመደበና ተከትዬው ወጣሁ። ቀበሌያችን ከብልባላ ገበያ ወጣ ብላ ያለች ናት። ብርዱን ለመድኩት። ዳገቱንም እያለከለክሁ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሰዉ ከውኃ ጋር ያለውን ነገር ነው።

ከሰፈራችን በታች ወንዝ አለ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሹለከለከ የሚሄድ፣ ከብት እንኳ በወጉ የማያጠግብ ነገር ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከገደሉ ሥር ይጠልቃል፣ ይጠቁራል። እዚያ ልጅ ዝር አይልም። ለምን? ባለቤት አለዋ! የውኃው ባለቤት ጋኔን ነው፤ በቀትር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጥላው ያረፈበትን ልጅ ይወስዳል። ይህን ልጅ ሁሉ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። አማቴማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጄ ገና በአንቀልባ ሳለች ፊቷን ወደዚያ አዙሬ ከቆምኩ ይቆጡኝ ነበር።

"እማማ፣ ይሄ ባለቤት ምን ዓይነት ነው? ቀንድ አለው?" አልኳቸው አንድ ቀን እየሳቅሁ።

"ሳቂ አንቺ፣ ሳቂ። የሐይቅ ሰው ከውኃ ጋር ተዛምዷል። እዚህ የታዘዘ ውኃ የይምርሐነ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ተሸክሞ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ሌላው ሁሉ ባለቤት አለው።"

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። እየዋልኩ እያደርኩ ግን ነገሩን ሳስበው መሳቁን ከልቤ ተውኩት። ይሠራላ! በዚያ ገደል ውኃ ልጅ ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የሚዋኝ አባት፣ የምትዋኝ እናት የሌለበት አገር ልጆቹን በጋኔን ያስጠብቃል። ጥበቃ ጥበቃ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ።

ከድርቁ በኋላ ነው ኩሬው የመጣው። ስለ ድርቁ አልናገርም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ብነግረውም አይገባውም። የተረፈው ሰው ከመጠለያ ወደየቤቱ ሲመለስ የእርዳታው ስንዴና ዘይት በሥራ ነው የሚሰጠው ተባለ። ሥራው ኩሬ መቆፈር ሆነ። ከሰፈሩ ማዶ ሜዳው ላይ ሰው በዶማና በአካፋ ወረደበት፤ ሴቱ አፈሩን በባሬላ ያወጣል። እኔም ባሬላ ተሸክሜያለሁ። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ውኃ እንዳያሰርግ ደግሞ ዙሪያውን በሸክላ አፈር ለቀለቁት። ሲርስ ሳሙና ነው፤ እግር አይቆምበትም።

"ደረጃ አይቆረጥለትም?" ብዬ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ፊት ለፊት "እርስዎ" ነበር የምለው። ዛሬ "እሱ" ስለው ደስ ይለኛል።

"ለከብት በወዲያ በኩል መውረጃ አለው። ሰው ከዳር ቆሞ በገመድ ይቀዳል" አለኝ።

ከዚያ ኩሬ በገመድ የሚቀዳ ሰው አላየሁም። ገመድ ማን አለው! ሁሉም ከዳር አጎንብሶ ነው የሚጨልፈው።

ክረምት ገባና ኩሬው ሞላ። ካህናቱ ወጥተው ጸበል ሊረጩት ፈለጉ። ከወረዳ የመጣው ካድሬ፣ "የሰፊው ሕዝብ ክንድ የቆፈረው ውኃ ጸበል አያስፈልገውም" ብሎ መለሳቸው። ካህናቱ አዘኑ፣ ሰዉም አጉረመረመ፣ ግን ብዙ አልተጨነቀም። ምክንያቱም ሁሉም በየቤቱ አንድ ነገር ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህ ውኃ ባለቤት የለውም። ጋኔን የሚሰፍረው በቆየ ውኃ ነው፣ እግዜር በፈጠረው፣ ገደል በጋረደው። ዶማ የቆፈረውን፣ የመንግሥት ስንዴ የተበላበትን፣ ሜዳ ላይ የተሰጣውን ውኃ ጋኔን ምን ይሠራበታል? ልጄን ከወንዙ የሚያባርሩት እኚያው አማቴ ቅሉን ሰጥተው፣ "ሂጂ ከኩሬው ቅጂ፣ እሱ ባለቤት የለውም" ብለው ሲልኳት በጆሮዬ ሰማሁ።

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው። ልጆቹን የጠበቋቸው ከውኃ አልነበረም፣ ከጋኔን ነበር። ጋኔን የለም ከተባለ ልጁ ምን ይፍራ? ጉልበት በማትደርስ ወንዝ ዳር በእጇ መስቀሏን ጨብጣ የምታልፍ ልጅ፣ የሁለት ሰው ቁመት የሚጠልቅ ኩሬ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ታያለች። የዘይት ቆርቆሮ ያንሳፍፋሉ፣ በሸክላው ላይ ይንሸራተታሉ፣ ይገፋፋሉ። እናቶቹ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ይስቃሉ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት። እሷም እዚያው ናት፣ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር።

ጎረቤቴ ማለት ለእኔ በዚያ አገር እናቴም እኅቴም ነበረች። ልጄን ስወልድ አራስ ቤቴን የያዘችልኝ እሷ ናት። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት፤ አንዷ ቤት የተጋገረ ሌላዋ ቤት ይበላል። የእሷ ልጅ ሳቂታ ናት፣ ቀጫጫ፣ አንድ ቦታ የማትቀመጥ። የእኔዋ ደግሞ የተባለችውን ቃል በቃል የምትይዝ፣ የአባቷ ቢጤ፣ ዝምተኛ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ አጥር ይታጠር አልኩ። "እሾሁን ካመጣችሁ ማን ከለከላችሁ?" አለ። ከጎረቤቴ ጋር ሆነን የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጥን፣ እጃችን እየደማ፣ ዙሪያውን አጠርነው፤ ለመቅጃና ለከብቱ ብቻ በር ተውን። ባሌ ደግሞ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት አምጥቶ በመቅጃው በኩል አጋደመልኝ። ልጆቹን ሁሉ ጠርቼ፣ "ይህ እንጨት ከዚህ አይነሳም፣ ለማገዶም ለጨዋታም" አልኳቸው።

ከዚያ ማስተማር ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ከዳር እቆማለሁ፣ እነሱ ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ለእኔ ያስተማረኝን በዚያው ተራ ነው ያስተማርኳቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ዋና አይደለም፤ የመጀመሪያው አለመግባት ነው። ብቻችሁን አትምጡ። ሰው ከገባ ተከትላችሁ አትግቡ፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን አንቆ ይዞ ነው የሚወርደው፣ እናቱም ብትሆን። በሆዳችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ሌላ ልጅ ይያዝላችሁ፣ እንጨቱን ዘርጉለት። እንጨት ከሌለ ነጠላ። ከዚያ በአንድ ድምፅ ጩኹ፣ ሰው እስኪመጣ አታቋርጡ። እያስተኛሁ፣ እያስዘረጋሁ፣ እያስጮህኩ ደጋግመን ተለማመድን። ልጆቹ ጩኸቱን ወደውት ነበር፤ ሰፈሩን አናወጡት።

መንሳፈፍን ደግሞ ላሳያቸው ብዬ በከብቱ መውረጃ ከነቀሚሴ ገባሁና በጀርባዬ ተኛሁላቸው። ይህንንም ቀስ ብዬ ላስተምራቸው ነበር ሐሳቤ፣ ፀሐዩ ጠንከር ሲል፣ ጥልቀት በሌለበት በኩል፣ በወገባቸው ገመድ አስሬ። ኧረ የት! ያገባች ሴት፣ የመምህር ሚስት፣ ከነልብሷ ረጥባ ከኩሬ ስትወጣ አይተው አገሩ ተገለበጠ። ማታውን ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ይህች ሴት ውኃ ገብታ በጀርባዋ ተኝታ ስትስቅ ታየች፤ ተስማምታለች። የሐይቁን ጋኔን አስከትላ ነው የመጣችው፣ ባዶ ውኃ ስታገኝ ልታሰፍረው ነው። ልጆቹን የምትሰበስበው ልታስተዋውቃቸው ነው!

በስመ አብ! ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በማግስቱ ከልጆቹ ግማሹ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴም ልጅ ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

"አንቺም?" አልኳት።

"እኔ አንቺን አውቅሻለሁ" አለች ዓይኔን ሳታየኝ። "እናት መሆንሽንም አውቃለሁ። ግን ሰዉ እንዲህ እያለ ልጄን ብልክና አንድ ነገር ብትሆን፣ ምን ይሉኛል?"

"ሳትማር አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"እሱ ባለቤት የለውም እኮ" አለችኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። ከልቤ ተቀይሜያት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እሱና ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሀል ሰክተው ተቀምጠዋል።

"ስብሰባ ታካሂጃለሽ አሉ" አለኝ።

"ስብሰባ አይደለም። ልጆችን ስለ ውኃው አስተምራለሁ።"

"ማን ፈቀደልሽ? አጀንዳው ምንድን ነው?"

"አጀንዳው አትስመጡ ነው" አልኩት። ያን ጊዜ ምላሴ ከኔ ይቀድም ነበር።

አልሳቀም። "ልጆች ባንድ ድምፅ መጮህ ይለማመዳሉ ይባላል። ወንበዴ በየሸንተረሩ እያደባ ባለበት ሰዓት ይህ ምልክት ለማን ነው?"

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ከዚያ የጥበቃዎቹን ፊት አየሁ። ባለፈው ዓመት ከባሌ ጋር የሚያስተምር አንድ ሰው በማይረባ ነገር ተወስዶ አልተመለሰም ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ሊቀመንበሩ ነገሩን ቋጨው፤ ልጆችን የሚያደራጅ የቀበሌው የልጆች ማኅበር ነው፣ ስለ ኩሬው ትምህርት ካስፈለገ በማኅበሩ በኩል ከወረዳ ይጠየቃል፣ እስከዚያው አንድም ልጅ እንዳልሰበስብ። እናቶቹ ጋኔን ፈርተው፣ ሊቀመንበሩ ወንበዴ ፈርቶ፣ ውኃውን የፈራሁት እኔ ብቻ። ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ። አትግቡ፣ ተኙ፣ ዘርጉ፣ ጩኹ፣ እስከዚህ ነው የደረስነው። መንሳፈፉና መዋኘቱ አልተነካም።

ቤቴ ውስጥ ግን ማን ይከለክለኛል? ለልጄ ማታ ማታ እየደጋገምኩ አስጠናኋት። "ጓደኛሽ ብትወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?" "አልገባም። በሆዴ እተኛለሁ። እንጨቱን እዘረጋለሁ። እጮሃለሁ።" "ለምን አትገቢም?" "ዋና አልችልማ።" እንደ ውዳሴ ማርያም ነበር የምትወጣው።

ጥቅምት ላይ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከላይ፣ ከክፍለ ሀገር፣ ከእርዳታ ሰጪዎቹም ጭምር፣ ኩሬውን ሊያዩ። ቀበሌው በአንድ እግሩ ቆመ። መንገዱ ተጠረገ፣ ድንጋዩ ኖራ ተቀባ። ወደ ኩሬው ወረድ ብዬ ባይ አጥሬ የለም። እሾሁን ነቅለው አቃጥለውታል።

"እሾህ የከበበው ውኃ ልማት አይመስልም፣ እስር ቤት ነው የሚመስለው" አለ ሊቀመንበሩ። "ሲሄዱ መልሰሽ ታጥሪያለሽ።"

"እንጨቱስ?" አልኩ።

እንጨቱ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆሟል። ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ተጽፎ በሁለት እንጨት መሀል ተወጥሯል፤ አንደኛው የኔ ነው። ከሁሉም ረጅሙና ቀጥ ያለው እሱ ስለነበር መርጠው ነው የወሰዱት። ባሌ ሌላ እንጨት ነገ አመጣለሁ አለኝ። ነገ ማለት እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ነው።

በዋዜማው የሴቶች ማኅበር አባል የሆነች ሁሉ ሜዳው ላይ ለዘፈን ልምምድ ትውጣ ተባለ። የቀረች ስሟ ይያዛል። ሜዳው ከኩሬው ጉብታ ብቻ ነው የሚለየው። ተሰልፈን፣ ከበሮ እየተመታ፣ ስለ ልማት እንዘፍናለን፤ እኔ አለሁ፣ ጎረቤቴ ከፊቴ ናት፣ አማቴ እንኳ በእርጅናቸው ቆመው ያጨበጭባሉ። የሰፈሩ እናት በሙሉ እዚያ ነን። ደግሞ በዚያው ቀን ለእንግዶቹ መቀበያ ከየቤቱ አንድ ማድጋ ውኃ እንዲገባ ታዟል። እናቶች ከተሰለፉ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ልጆች ናቸዋ።

ከበሮው ዘፈን ለመቀየር አረፍ ሲል ነው ጩኸት የሰማሁት። የልጄ ድምፅ ነው። ሻክሯል፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ለምን ያህል ጊዜ እንደጮኸች እግዜር ይወቀው። በሰልፉ መሀል ሰንጥቄ ሮጥኩ፤ ጥበቃው "ወዴት?" ሲለኝ ገፍትሬው አለፍኩ።

ልጄ በመቅጃው ጫፍ ላይ በሆዷ ተኝታለች። ሌሎቹ ልጆች ቀድተው ሄደዋል፤ እግሯን የሚይዝላት ስለሌለ የእግሯን ጣቶች ሸክላው ውስጥ ተክላለች። የኔን አሮጌ ነጠላ ይዛ ወደ ውኃው ዘርግታለች፤ ጫፉ ውኃው ላይ ተኝቷል። የሚይዘው ሰው የለም።

"እማ፣ አልገባሁም" አለችኝ። "እንጨቱ የለም። እዚህ ጋ ነበረች፣ እዚህ ጋ።"

ዘልዬ ገባሁ። ውኃው ድፍርስ ነው፣ አይታይም። በእጄ ዳብሼ አጣኋት፣ ወጥቼ ተንፍሼ እንደገና ወረድኩ፣ ፀጉሯ እጄ ውስጥ ገባ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። አወጣኋት፣ ገለበጥኳት፣ ውኃው ከአፏ ወጣ፤ ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። አባቴ ያሳየኝን ሁሉ አደረግሁ። እስኪጎትቱኝ ድረስ አደረግሁ። እናቷ ደርሳ ስታያት እሪ እንኳ አላለችም፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና የልጇን እግር በነጠላዋ ታደርቅ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳወራው ምራቄ ይመርረኛል። ሊቀመንበሩ መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንግዶች ነገ እንደሚመጡ፣ ቀብሩ ዛሬውኑ እንዲፈጸም፣ ለቅሶው እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዲቆይ ተናገረ። ለቅሶ ይቆያል? ሰማችሁ? ልጅቱን በመሸ ቀበርናት። በማግስቱ እንግዶቹ በመኪናቸው እስከሚችሉበት፣ ከዚያ በበቅሎ መጡ። ሴቶቹ ዘፈኑ። ጎረቤቴ ቤቷ ውስጥ በዘመዶቿ መሀል አፏን በነጠላ ይዛ ተቀምጣለች፤ እኔ አሞኛል ብዬ አጠገቧ ነበርኩ። ዘፈኑ ይሰማል። እንግዶቹ ኩሬው ዳር ቆመው ፎቶ ተነሡ አሉ። ውኃው ለምን ደፈረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ነገሩ ግን እንዲህ ተድበስብሶ አልቀረም። ከወረዳ የልጅ ሞት ለምን ደረሰ የሚል ጥያቄ መጣ መሰለኝ፣ ሳምንት ቆይቶ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ። ተወቃሽ ይፈለጋል ማለት ነው። አጥሩን ያስነቀለው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ካድሬው ከጎኑ። ከኋላቸው መፈክሩ በእኔ እንጨት እንደተወጠረ ነው። ወቀሳው በማን ላይ ነው የሚወድቀው ብዬ ስጠብቅ የልጆች ማኅበር አባላት ወደፊት ይውጡ ተባለ። ከዚያ የልጄ ስም ተጠራ።

እግዜር ያሳያችሁ። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ!

መሀል ላይ አቆሟት። ካድሬው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ክፉ ሰው በማይመስል ድምፅ፣ "ጓደኛሽ ውኃ ውስጥ ስትወድቅ የት ነበርሽ?" አላት።

"እዚያው።"

"ምን አደረግሽ?"

"በሆዴ ተኛሁ" አለች ልጄ።

ከሰዉ መሀል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሌላው አጉተመተመ። ልጄ ቀጠለች፣ ያጠናችውን ነው የምትለው፣ "ነጠላ ዘረጋሁ። ጮህኩ። እናቴ ዋና የማይችል አይገባም ብላኛለች።"

"እናትሽን ተያት። ጓደኛሽ እየሞተች አንቺ ዳር ሆነሽ አየሽ። የአብዮት ልጅ ለጓዱ ይሞታል እንጂ ዳር ቆሞ ያያል?"

ተነሣሁ። "እንጨቱ የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ!" ብዬ ጮህኩ። "አጥሩን ማን ነቀለው? ከኋላችሁ ያለውን ነገር ዞር ብላችሁ እዩት!" ባሌ ቀሚሴን ይዞ ይጎትተኛል። ጥበቃው ከደጃፉ ተንቀሳቀሰ። "ሥርዓት!" አለ ሊቀመንበሩ። "ልጆች ሰብስባ አጉል ነገር ስትዘራ የከረመችው ይህቺው ናት፣ ፍሬው ይኸው" አለ። አንድ ሰው እንኳ፣ አጥሩን ሲያጥር ያየኝ ሰው እንኳ፣ ቃል አልተነፈሰም። እኔን አስቀመጡኝና ወደ ልጄ ተመለሱ።

ግራ እጅሽን አንሺ አሏት። አነሣች። ካድሬው ያላትን ተከትላ አለች። "ሁለተኛ ጓደኛዬ ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ዘልዬ እገባለሁ።" ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አላት። ከፍ አድርጋ አለች።

ተጨበጨበ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ካህናቱ በነጠላቸው ውስጥ አጨበጨቡ። ጎረቤቴም በጥቁር ልብሷ ተኮራምታ ባለችበት ሁለት እጇን አገናኘች። በእሷ አልፈርድም፤ ያላጨበጨበ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ልጄ ግን ያየችው እሷን ነው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

ወደ ቤት ስንመለስ እጇን ጥብቅ አድርጌ ይዤያታለሁ። ቀዝቅዛለች።

"እማ።"

"ወዬ።"

"ሌላ ሰው ከወደቀ እገባለሁ ማለት ነው?"

"አትገቢም። የነገርኩሽ ነው ልክ። ያልሽው ግድ ብለውሽ ነው።"

"ምያለሁ እኮ። እጄን አንሥቻለሁ።"

"እሱ መሐላ አይደለም።"

"እናቷ ሰምታኛለች" አለች።

አማቴን የንስሐ አባታችንን ይጠይቁልን ብዬ ለመንኳቸው፤ ቄሱም መጥተው ልጅቱን መስቀል አሳልመው፣ "ፈትቼሻለሁ ልጄ" አሏት። አንገቷን ነቀነቀች። ዓይኗ ግን የተፈታ ሰው ዓይን አልነበረም። ቅል ይዛ ስትወጣ እየተከተልኩ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከጉብታው ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ልጆች ኩሬው ዳር ሲራገጡ እሷ ጫማዋን አውልቃ ከጎናቸው ቁጭ ብላ አገኘኋት። አትጫወትም። ዝም ብላ ውኃውን ትጠብቃለች።

ባሌ ዝውውር ጠየቀ፣ አልተፈቀደለትም። እኔ ልጄን ይዤ ሐይቅ፣ አባቴ ቤት ወረድኩ። እሱ ብቻውን ቀረ፤ ትዳሬም ከዚያ ወዲህ ትዳር አልሆነም። ላስታ ላይ፣ ጋኔኗ ልጅ በልቶ ሲያበቃ ሸሸች እያሉ ያወሩብኛል አሉ። ያውሩ። እኔ የሸሸሁት ዋና የማትችለውን ልጄን ዘልለሽ ግቢ ብሎ አስምሎ፣ ተሰብስቦ ያጨበጨበላትን አገር ነው።